የተገለበጠው ቅስት፦ የሰባራ ድልድይ የምህንድስና ታሪክ

ከሻሸመኔ ተነስቶ ወደ ሐዋሳ የሚገባ መንገደኛ ጥቁር ውኃን ሲሻገር ድልድይ ላይ መሆኑን እንኳ ልብ ላይለው ይችላል። ወንዙ ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱትን ጅረቶች፣ ቀድሞ ሐይቅ በነበረውና ዛሬ ረግረግ በሆነው በጨለለቃ አልፎ ይሰበስብና በሜዳው ላይ ረጋ ብሎ እየሄደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታም 22 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ይጎድላል። መሐንዲሱን ከሚያስጨንቀው የጎርፍ ጉልበት ይልቅ ከሥር ያለው ለስላሳ አፈር ይብሳል፤ ዝቅ ያለና አጭር ድልድይም ይበቃል። ስለዚህ የከተማችን ነዋሪ ድልድይን የመንገድ ቁራጭ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚሁ የሲዳማ ደጋ ውኃ በሌላ አቅጣጫ ወደ ገናሌና ወደ ጊዳቦ ሲወርድ ነገሩ ይለወጣል። ክረምት ሲገባ ገበያውም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም ከማዶ የሚቀርበት የገጠር ሰው በአገሪቱ ብዙ ነው። ስለ እንዲህ ያለው መሻገሪያ በቁም ነገር ማሰብ ለሚፈልግ፣ ካሉን ድልድዮች ሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ከዚህ ሩቅ፣ አባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰባራ ድልድይ ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች፣ ምሥራቅ ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኝ፣ ከጎጃም ወገን በሞጣ በኩል የሚደረስበት መሻገሪያ ነው። ዛሬ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ሥራዎች ይታያሉ። አንደኛው በአፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተገነባ የሚታመነው፣ ዋናው ቅስቱ የተቆረጠው የድንጋይ ድልድይ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው፣ በብረት ገመድ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ነው። ስለ ሁለቱ ሲወራ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይባላል። አንዱ ወገን አባቶቻችን ዘመን የማይሽረው ግንብ ሠርተው ነበር፣ እኛ ግን በፈረንጅ ገመድ ላይ እየተወዛወዝን ቀረን ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሕዝቡ በጨለማ ሲኖር የውጭ እጅ መጥቶ አዳነው ይላል። ሁለቱም የምህንድስናውን ታሪክ ከመሀል ይቆርጡታል። ተንጠልጣዩ ድልድይ የድንጋዩን ድልድይ ሥራ የቀጠለ እንጂ የሻረ አይደለም፤ ያው ወንዝ ለጠየቀው ያው ጥያቄ፣ በተሻለ ማስተዋል የተሰጠ መልስ ነው። ማስረጃው ከድንጋዩ ይጀምራል።

የድንጋዩን ድልድይ ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። በዚህ አጠራር ውስጥ ያለው እውነት ግማሽ ብቻ ነው። አባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1626፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከጢስ አባይ ፏፏቴ አጠገብ አላታ በሚባለው ቦታ ነው። ይህን ሥራ ያስቻለው ኖራ ነው። ማኑኤል ደ አልሜዳ የተባለው የዘመኑ የጀስዊት ሚስዮናዊና ጸሐፊ እንደመዘገበው፣ በ1620ዎቹ መጀመሪያ ከሕንድ የመጣ አንድ ሰው በአገሩ ለኖራ የሚቃጠለውን ዓይነት ድንጋይ እዚህ አገኘ፤ ከዚያ በፊት በአካባቢው ግንብ በጭቃ ይያያዝ ነበር። እንግዲህ እውቀቱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን መካድ አይቻልም፤ የመጣው ግን በሊዝበን በኩል ብቻ ሳይሆን በሕንዷ ጉጅራት በኩልም ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ፤ ፋሲለደስ ጀስዊቶቹን ከአገር አባረረ። ኖራው ግን አብሮ አልተባረረም። የጎንደር ግንቦችና በየወንዙ ላይ ያሉት ድልድዮች ያደጉት ሚስዮናውያኑ ከወጡ በኋላ ነው። ሰባራ ድልድይም እ.ኤ.አ. በ1660 አካባቢ እንደተሠራ ይገመታል፤ ከጀስዊቶቹ መባረር ሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፋሲለደስ ሰባት ድልድይ አሠርተዋል ተብሎ ስለሚነገር የድሮ ግንብ ድልድይ ሁሉ ለእሳቸው ይሰጣል፤ ይህን ሁሉ እንዳለ መቀበል ባይቻልም፣ አንድ ትውልድ ባልሞላ ጊዜ የባዕድ የነበረው እውቀት የአገሩ ግንበኛ እጅ ሥራ መሆኑን ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል።

ቅስት በድንጋይ መሥራት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ማሰብ ተገቢ ነው። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲጎትቱት ግን ይለያያል። ስለዚህ ግንበኛው ድንጋዮቹ ሁሉ እርስ በርስ እየተገፋፉ እንጂ እየተጎታተቱ እንዳይቆሙ አድርጎ መደርደር አለበት። ቅስቱ እስኪገጥም ድረስ በራሱ አይቆምም፤ ከሥሩ በእንጨት ካሳፎርማ ይደገፋል፣ የመጨረሻው ድንጋይ አናቱ ላይ ሲገባ ነው ክብደቱን ወደ ሁለቱ ዳር የሚያወርደው። አሁን ይህን ሥራ አባይ ላይ አስቡት። ወንዙ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የዓመቱን ውኃ አብዛኛውን ያወርዳል፤ የእንጨቱ ድጋፍ ውኃው ውስጥ ሊቆም የሚችለው ሙላቱ ከጎደለ በኋላ፣ በበጋው ወራት ብቻ ነው። ኖራ ደግሞ ለመጥናት ጊዜ ይፈልጋል። ቅስቱ ሳይገጥም ዝናቡ ቢቀድም የዓመቱ ድካም በአንድ ሌሊት ሱዳን ይወርዳል። ግንበኞቹ ይህን ስለሚያውቁ አባይ በዓለት መካከል ጠቦ የሚያልፍበትን ቦታ መረጡ፤ ዋናውን ቅስት በዋናው ፈሳሽ ላይ አድርገው፣ በጎን ደግሞ ሙላት ሲመጣ ውኃው የሚተነፍስባቸውን አነስ ያሉ ቅስቶች ሠሩ። ድልድዩ ጎርፉን የተቋቋመው በክብደቱ ነው። ውኃው ይገፋል፣ ግንቡ አይነቃነቅም። ወንዙ ግን ግንዱን እያንከባለለ በየዓመቱ ይመጣል፤ ግንቡም በየዓመቱ ይህን ዱላ መቀበል አለበት። የመጀመሪያው መልስ ብርታትም ድካምም እዚህ ላይ ነው።

ድልድዩን ያፈረሰው ጎርፍ አልነበረም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ፣ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገር ዋናውን ቅስት በእጃቸው ናዱት። ለቅስት ከዚህ የከፋ ሞት የለም፤ ምክንያቱም የቅስት ሕይወት አናቱ ላይ ነው፣ ከመሀል ጥቂት ድንጋይ ሲነሳ ቀሪው የሚገፋው አጥቶ ተያይዞ ይወርዳል። ናጆቹም የሚቆሙበት መሬት ራሱ የሚንዱት ግንብ ነው። ሁለቱ ክንፎች ቀሩ፣ መሀሉ ባዶ ሆነ፣ ከስልሳ ዓመት በላይም ባዶ ሆኖ ኖረ። በነዚያ ዓመታት ሰው መሻገር አላቆመም። በሁለቱ የግንብ ጫፎች ላይ ወንዶች ይቆማሉ፣ ገመድ ይወጠራል፣ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በባዶው ላይ ይጎተታል፤ ከሥሩ አባይ ነው። ይህን ብዙ ሰው የችግር ሥዕል አድርጎ ብቻ ያየዋል። ችግር ነው፤ ነገር ግን መካኒክስም ነው። ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው በገመዱ መሀል ሲደርስ ገመዱ የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል ቢረግብ፣ በየዳሩ የቆሙት ጎታቾች የሚይዙት ኃይል 150 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ተሻጋሪውን ከውኃው ለማራቅ ብለው ገመዱን ቢያጠብቁትና ርግበቱ አንድ ሃያኛ ብቻ ቢሆን፣ ያው ስልሳ ኪሎ ሰው 300 ኪሎ ይጎትታል። አንድን ሰው ለማሻገር በየዳሩ አሥር ያህል ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የገመድ ድልድይ ሁሉ መሠረታዊ ሕግ ይኸው ነው፦ ገመድ በተወጠረ መጠን ዳሩ ይጨነቃል። የአባይ ዳር ሰዎች ይህን በክንዳቸው ያውቁት ነበር።

ይህ አሻጋገር በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 2000 እትም ላይ በፎቶግራፍ ወጣ። ፎቶግራፉን ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተና በ2002 ክፍተቱ ላይ የብረት ድልድይ ተጋደመ። መኪና ስለማይደርስ ዕቃው በአህያና በሰው ትከሻ ገደሉን ወረደ። ሥራው በቅንነትም በፍጥነትም የተሠራ ነው፤ ወዲያው ሰው መሻገር ጀመረ። በ2005 ግን ሙላት መጣና ብረቱን ወሰደው። ሦስት ዓመት! ከታሪኩ ሁሉ ብዙ ማሰብ የሚገባን እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የብረቱን መወሰድ ብዙዎች የብረቱ ጥፋት አድርገው ይተርኩታል። ብረቱ ክፍተቱን ለመሸፈን በቂ ጥንካሬ ነበረው፤ ሰውም እንስሳም ተሸክሟል። ችግሩ የተቀመጠበት ከፍታ ነው። የቆመው የድሮው ቅስት በነበረበት ደረጃ ላይ፣ ሙላት በሚደርስበት ስፍራ ነው። ድንጋዩ እዚያ ደረጃ ላይ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሊቆም የቻለው እጅግ ከባድ ስለነበረ ነው፤ ቀላሉ ብረት ያንኑ ቦታ ሲወርስ የድንጋዩን ክብደት አልወረሰም። ጠጋኞቹ የጠየቁት ጥያቄ ባዶውን በምን እንሙላው የሚል ነበር። ወንዙ ግን ከመጀመሪያውም የሚጠይቀው ሌላ ነበር፦ በየዓመቱ በዚህ በኩል አልፋለሁ፣ መንገዴን ትለቁልኛላችሁ ወይስ ትታገሉኛላችሁ?

በ2009 የተጠናቀቀው ድልድይ መንገዱን ለቀቀለት። ከሰባራው ቅስት ጋር አልተያያዘም፤ ከፍ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ፣ ውኃው ውስጥ አንዲት እግር እንኳ አላኖረም። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። በሁለቱ ዳር በድንጋይና በአርማታ የተሞሉ ከባድ መቆያዎች ይገነባሉ፤ በመካከላቸው የብረት ሽቦ ገመዶች ይዘረጋሉ፤ በገመዶቹ ላይ የብረት አግዳሚ፣ በአግዳሚው ላይ ጣውላ ይነጠፋል፤ በጎንና በጎን ልጅና ጠቦት እንዳይሾልክ የሽቦ መረብ ይታሰራል። ረጃጅም ምሰሶ የለውም፤ መሄጃው ራሱ በገመዱ ርግበት ላይ ነው፣ ወደ መሀል ይወርዳል፣ ወደ ማዶ ይወጣል። አንድ መቶ ሜትር የሚረዝም እንዲህ ያለ ድልድይ ከነተሻጋሪው በየሜትሩ 400 ኪሎ ይሸከማል እንበል፤ ድምሩ 40 ቶን ነው። ገመዱ አምስት ሜትር ቢረግብ ዳሩን የሚጎትተው ኃይል 100 ቶን ይሆናል። አሥር ሜትር ቢረግብ 50 ቶን ይበቃል፤ ተሻጋሪው ግን ቁልቁለትና ዳገት ይበዛበታል። አንድ ሜትር ብቻ ይርገብ፣ መሄጃው ሜዳ ይሁን የሚል ቢኖር 500 ቶን ይጠብቀዋል። የመሐንዲሱ ጥበብ በእነዚህ መካከል መምረጥ ነው፤ በዚህ ዓይነት ድልድይ የተለመደው ርግበት ከርዝመቱ አንድ ሃያኛ አካባቢ ነው። በሁለቱ ዳር የሚቀበረው መቆያም እንዳይንሸራተት ከሚጎትተው ኃይል በእጅጉ የበለጠ መመዘን ወይም ዓለት ውስጥ መታሰር አለበት። እንግዲህ የግንቡ ክብደት አልጠፋም፤ ከወንዙ መሀል ወጥቶ ወደ ዳር፣ ጎርፉ ወደማይደርስበት ሄደ።

በድንጋይና በገመድ መካከል ያለው ዝምድና ከዚህም የጠለቀ ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1675፣ ሰባራ ድልድይ በተሠራ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ አንድ ሕግ አሳተመ፤ በራሱ ክብደት የተንጠለጠለ ሰንሰለት የሚይዘው ቅርጽ ቢገለበጥ፣ ድንጋይ በራሱ ክብደት ሊቆምበት የሚችለው የቅስት ቅርጽ እርሱ ነው የሚል። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለው ኃይል ሁሉ ጉተታ ነው፤ ሲገለበጥ ሁሉም ግፊት ይሆናል። ይህ የኔን ክርክር የሚደግፍ ዋና ማስረጃ ነው። የፋሲል ግንበኞች ቅስታቸውን በልምድና በዓይን ሠሩት፤ ብረት ገመድ ዘርጊዎቹ ያንኑ ቅስት ገልብጠው ከላይ ሰቀሉት። የተለወጠው ግፊት ጉተታ መሆኑና ድንጋይ በብረት መተካቱ ነው፤ ብረት ጉተታን ስለሚችል ገመዱ ወንዙ ውስጥ መቆም አላስፈለገውም።

የተንጠልጣይ ድልድይ ዘር በዓለም ላይ ሰፊ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመውን ብቻ ላንሳ። ትልልቆቹ ሁሉም ያውቃቸዋል። የብሪታንያው ሜናይ በ1826 በ176 ሜትር ስፋት ዘመኑን አስደነቀ፤ የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት በ1937 ወደ 1280 ሜትር ዘለቀ፤ በ2022 የተከፈተው የቱርክ ቻናካሌ 2023 ሜትር ደርሷል። እነዚህ በምሶሶ የተሰቀሉ ናቸው፤ ገመዱ ከላይ ሆኖ መንገዱን በዘንግ ያንጠለጥላል። ትምህርታቸው ግን ለትንሹም ይሠራል። በ1940 በአሜሪካ የታኮማ ድልድይ 853 ሜትር ስፋቱን ይዞ ከተከፈተ በአራት ወር፣ ይህን ያህል ከባድ በማይባል ነፋስ እየተገለባበጠ ወደቀ፤ ቀላልና ቀጭን የሆነ ድልድይ ከክብደት ይልቅ ነፋስን መፍራት እንዳለበት ዓለም ያን ቀን ተማረ። ረዘም ያሉ የእግረኛ ድልድዮች በጎን በኩል የነፋስ መከላከያ ገመድ የሚታሰርላቸው ለዚህ ነው። ለሰባራ ድልድይ የቅርብ ዘመዶቹ ግን ሌሎች ናቸው። በፔሩ ተራሮች ቄስዋቻካ የተባለውን የሣር ገመድ ድልድይ አራት መንደሮች በየዓመቱ በሰኔ አፍርሰው በአዲስ ሣር ይሠሩታል። በኔፓል ደግሞ ከስዊስ ባለሙያዎች ጋር በአሥርት ዓመታት ልምድ የዳበረው አሠራር በሺዎች የሚቆጠሩ የእግር ድልድዮችን አፍርቷል። ወደ ኢትዮጵያ የመጣውም ይኸው የኔፓል አሠራር ነው፤ ሄልቬታስ የተባለው የስዊስ ድርጅት ወደ አማራ፣ ወደ ኦሮሚያና ወደ ቀድሞው ደቡብ ክልል አምጥቶታል። ከተራራማ አገር ወደ ተራራማ አገር የተሻገረ እውቀት ነው፤ ከሎንዶንም ከሳን ፍራንሲስኮም የቀረበ።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው ጠንካራው ተቃውሞ ዕድሜ ነው። ድንጋዩ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ኖረ፤ ሽቦ ገመድ ስንት ይኖራል? ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። የብረት ገመድ በደንብ ቢያዝ አሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ሦስት መቶ ዓመት የሚል ማንም የለም። ቢሆንም ዕድሜን ብቻ መለኪያ ካደረግን ድልድዩ ለምን እንደተሠራ እንረሳለን። ድንጋዩ ሲሰበር የሚጠግነው ካሳፎርማ አቁሞ፣ ኖራ አቃጥሎ፣ በጋውን ሙሉ ሠርቶ ነው፤ ይህን ማድረግ የሚችል ኃይልና እውቀት ከቦታው ስለጠፋ ነው ክፍተቱ ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየው። ገመድ ግን ሲያረጅ አንድ በአንድ ይለወጣል፣ ጣውላው ሲበሰብስ በሌላ ይተካል። ስለዚህ ማነጻጸር ያለብን የድንጋዩን ዕድሜ ከገመዱ ዕድሜ ጋር ብቻ አይደለም። ሲጎዳ በስንት ጊዜ ወደ አገልግሎት ይመለሳል የሚለውም መመዘን አለበት፤ በዚህ ሚዛን ገመዱ ይበልጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልማት ነው። በዚህ ዘመን መኪና የማያሳልፍ ድልድይ ምን ያደርጋል? በአባይ በረሃ በ2000 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመትና 145 ሜትር የመሀል ስፋት አለው፤ በባሕር ዳር በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው ደግሞ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። በእነዚህ እኮራለሁ፤ የሚያስፈልጉትም በሚያስፈልጉበት ቦታ ተሠርተዋል። ግን ሁለቱም ያሉት መንገድ ባለበት ነው። መኪና የሚያሳልፍ ድልድይ ያለ መንገድ ትርጉም የለውም፤ መንገድ ወደ እንዲህ ያለ ገደል እስኪደርስ ደግሞ እናቶች ምጥ ይዟቸው ወንዝ ዳር ይቆማሉ፣ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፣ እህል ያለው ሰው ገበያ አያገኝም። በእግርና በአህያ ለሚኖር ሕዝብ የመጀመሪያው ድልድይ የእግርና የአህያ ነው። በተንጠልጣይ ድልድይ ላይ የሚሄድ አህያ ጆሮውን አቁሞ፣ ዓይኑን ጣውላው ላይ ተክሎ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየመረጠ ያልፋል፤ ጭነቱ ግን ማዶ ይደርሳል። ፋሲልም አላታንና ሰባራ ድልድይን የሚያልፍ ሠረገላ አልነበራቸውም፤ ድንጋዩም የተሠራው ለእግረኛ፣ ለበቅሎና ለጭነት ከብት ነው። በዚህም አዲሱ ድልድይ የአሮጌውን ሥራ ነው የወረሰው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የባዕድ እጅ ነው፤ እኔም በቁም ነገር የምመለከተው ይህን ነው። ፎቶግራፉን ያየው፣ ገንዘቡን ያሰባሰበው፣ አሠራሩን ያመጣው ከውጭ ነው። ታዲያ ይህ የኛ ታሪክ ነው ወይ? መልሱን ኖራው ሰጥቶናል። ኖራ በ1620ዎቹ የውጭ ሰው ጥበብ ነበር፤ በፋሲል ዘመን የአገሩ ሆነ፤ የሆነውም የአገሬው ግንበኛ ሚስዮናውያኑ ከሄዱ በኋላ በገዛ እጁ ደጋግሞ ስለሠራው ነው። የብረት ገመድም የኛ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰጪው ከሄደ በኋላ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን ራሳችን ስንሠራ። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የጎጃምና የጎንደር ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል መሐንዲሶችን ያስተምራል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ገናሌ የሚወርደው ደጋ ደግሞ የክረምት ውኃ የሚቆርጠው ነው። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራው የእግረኛ ድልድይ ቢሆን ሜካኒክሱን፣ አፈሩን፣ የውኃ ሙላቱን በአንድ ቦታ ያገኛል፤ ቀበሌው ድንጋይና ጉልበት ያዋጣል፣ ወረዳው ሲሚንቶና ገመድ ይገዛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋንና ደቡብ ኦሞን ያጠፋው ጎርፍ እንዳሳየን ውኃችን ልምዱን ያለ ማስጠንቀቂያ ይለውጣል፤ የሙላት ምልክቱን የሚያውቀው ደግሞ ወንዝ ዳር ያደገ ሽማግሌ ነው። መሐንዲሱ የሰነዱን ዘገባ ብቻ ይዞ ከሄደ የ2002ቱን ስሕተት ይደግመዋል፤ ሽማግሌውን ጠይቆ ከዓለቱ ላይ ያለውን የደለል መስመር ቢያይ ድልድዩን የት ከፍታ ላይ እንደሚሰቅል ያውቃል።

ከግንባታውም የሚከብደው ጥገናው ነው፤ ሪባን የሚቆረጥበት፣ ካሜራ የሚመጣበት አይደለምና። ገመዱ በየዳሩ መቆያውን ዞሮ ወደ ራሱ ይመለስና በማጥበቂያ ብረቶች ይታሰራል። እያንዳንዱ ማጥበቂያ ሁለት ክፍል አለው፤ እንደ ኮርቻ የተሠራው ወፍራም ብረትና የታጠፈው ብሎን። ኮርቻው መቀመጥ ያለበት ጭነቱን በሚሸከመው ገመድ ላይ ነው፤ የታጠፈው ብሎን ደግሞ በማይሠራው ትርፍ ጫፍ ላይ። ቢገለበጥ ብሎኑ የሚሸከመውን ገመድ እየነከሰ ያደክመዋል፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ትክክለኛውም የተሳሳተውም አንድ ይመስላል። ድልድዩ ከተከፈተ በኋላ ገመዱ በጭነት ስለሚሳብና ስለሚቀጥን የማጥበቂያዎቹ ብሎን ዳዶዎች ይላላሉ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከዚያም በየዓመቱ በበጋ፣ በመፍቻ እየተያዙ መጥበቅ አለባቸው። በመቆያው ዙሪያ ዝናብ ተጠራቅሞ ገመዱን እንዳያዝገው የውኃ መውረጃ ቦዩ ከክረምት በፊት ይጠረጋል፣ በገመዱ ላይ የተከመረ አፈርና ፋንድያ ይነሳል፣ የበሰበሰ ጣውላ ይለወጣል፣ የተበጠሰ መረብ ይታሰራል። ይህን ሥራ የሚሠሩ፣ መፍቻውንና የሥራውን መዝገብ የሚይዙ፣ ከሁለቱም ማዶ የተመረጡ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ውሎ አበላቸውም ከኅዳር በፊት በወረዳው በጀት መጽደቅ አለበት።